ክርክር ውስጥ የተደበቀውን ቤተሰብ እንዴት ታገኙታላችሁ?

ሰዎች ስለ ትክክልና ስሕተት ሲከራከሩ ስለ ጉዳዩ ብቻ የሚያወሩ ይመስላቸዋል። ግን ብዙ ጊዜ ሳይታወቃቸው ቤተሰብ መሥርተው ነው የሚጀምሩት። መንግሥት አባት ይሆናል። አገር እናት ትሆናለች። ዜጋው፣ ሠራተኛው፣ ተማሪው ልጅ ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ከሆነ በኋላ ክርክሩ በግማሽ አልቋል። ልጅ ለአባቱ ምን ማለት እንደሚችልና እንደማይችል ሁሉም የራሱን መልስ ከቤቱ ይዞ መጥቷልና።

ሥራዬ ውይይት መምራት ነው። ማኅበራት፣ መሥሪያ ቤቶች፣ የተማሪ ክበባት ሲጋጩ መሀል ላይ ተቀምጬ ነገሩ መልክ እንዲይዝ እረዳለሁ። ደብተሬ ላይ የገጹን ጠርዝ ባዶ እተወዋለሁ። እዚያ የምጽፈው ከቤተሰብ የተወሰዱ ቃላትን ብቻ ነው፤ ማን እንደተናገራቸውና ስለ ማን እንደተናገራቸው። ውይይቱ እየዞረ አንድ ቦታ ላይ ሲቆም፣ ለምን እንደቆመ ብዙ ጊዜ የማገኘው ከዚያ ጠርዝ ላይ ነው። አሠራሩን ማንም ሊጠቀምበት ይችላል።

ቃላቱን ልቀሙ

ቀላሎቹን ማንም ይሰማቸዋል። «እናት አገር»፣ «የአገር አባት»፣ «ወንድም ሕዝብ»፣ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን»። ጻፏቸውና እለፉ።

አስቸጋሪዎቹ ቤተሰብ የማይመስሉት ናቸው። ሰው ሥርዓት ሲያጎድል «አሳዳጊ የበደለው» እንላለን። ጥፋቱን የሠራው እሱ ነው፤ ፍርዱ ግን ያሳደጉት ዘንድ ሄደ። «ያልተቀጣ» ስንል ደግሞ፣ ሰው ጥሩ የሚሆነው ተቀጥቶ ነው የሚለውን ሙሉ እምነት በአንዲት ቃል አስገብተናል። ማንም አልተከራከረበትም። አንድ የሥራ ክፍል በጀቱ ሲቀነስበት «እንደ እንጀራ ልጅ ታየን» ይላል። ይሄ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ የቀረበው ግን እንደ ተገፋ ልጅ ለቅሶ ነው። (ልጅ ወልደው እንዳሳደጉ ያህል የደከሙ ብዙ የእንጀራ እናቶች አሉ። አባባሉ እነሱን መበደሉን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል።)

አዲስ ሠራተኛ የአሠራር ስሕተት ሲጠቁም «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚል አይጠፋም። ሠራተኛው የተናገረው እውነት ይሁን አይሁን ገና አልታየም። ቦታው ግን ተነግሮታል።

በተለይ አንድ ሐረግ እንዳያመልጣችሁ፦ «ለእናንተው ብለን ነው»። የቤተሰብ ስም የለበትም። ሆኖም ወላጅ ለልጅ ካልሆነ በቀር ማን እንዲህ ይላል? እኩያ ለእኩያው ቢለው ጠብ ነው።

ማን ወላጅ ሆነ? ማን ልጅ? ማንስ ውጭ ቀረ?

ቃላቱ ከተሰበሰቡ በኋላ ቦታ ስጧቸው። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። በዚህ ንግግር ውስጥ ወላጅ የሆነው ማን ነው? ልጅ የሆነው ማን ነው? ከቤቱ ውጭ የቀረውስ? ሦስተኛውን ሰዎች ይዘሉታል። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምጠይቀው እሱን ነው። «አገር ቤተሰብ ነው» ከተባለ፣ ከሌላ አገር የመጣው ጎረቤት ምንድን ነው? እንግዳ ነው? የማደጎ ልጅ ነው? ወይስ ሌባ? ለስደተኛ ያለን ርኅራኄ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እዚህ ጋ ነው፤ ሕጉ ከመነበቡ በፊት።

ድሮ ተቀጥሬ በነበረበት አንድ ድርጅት ደመወዝ ይዘገይ ነበር። ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ በለሰለሰ ድምፅ «እኛ ቤተሰብ ነን፣ በቤተሰብ መሀል ገንዘብ አይቆጠርም» አሉ። ብዙዎቻችን ሆዳችን ባባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሠራተኛ ሲቀነስ የደረሰን ደብዳቤ ግን ስለ ቤተሰብ አንድ ቃል አልነበረበትም። «በውሉ አንቀጽ መሠረት» ነበር የሚለው። ሲጠይቁን ልጆች ነበርን፤ ሲያሰናብቱን ተዋዋይ ወገን ሆንን። ያንን ደብዳቤ ይዤ ብዙ አሰብኩ። ሰዎቹ ክፉ ነበሩ ማለቴ አይደለም። የቤተሰቡ ምስል ግዴታችንን አስቀምጦ የእነሱን ግዴታ ሳያስቀምጥ ነው የመጣው። እናንተም ይህን ፈትሹ። ወላጅ የሆነው ወገን የወላጅን ሸክም ተሸክሟል? ወይስ ሥልጣኑን ብቻ ነው የወሰደው?

ምን ዓይነት ቤት ነው?

ይሄ የሥራው ከባዱ ክፍል ነው፤ ጊዜ ስጡት። ሁለት ሰዎች «አገር ቤተሰብ ነው» በሚለው ይስማሙና በሌላው ሁሉ ሊለያዩ ይችላሉ። ምክንያቱም በአእምሯቸው ያለው ቤት አንድ አይደለም።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ሊቅ ጆርጅ ሌኮፍ እ.ኤ.አ. በ1996 ይህንን በሰፊው አስረድቷል። ተለዋጭ ዘይቤ፣ ማለትም አንዱን ነገር በሌላ ነገር ስም መጥራት፣ ንግግር ማሳመሪያ ብቻ ሳይሆን የምናስብበት መንገድ ነው ይላል። የአሜሪካን ፖለቲካ ሲያጠና ሁለት የቤተሰብ ሥዕሎች አገኘ። አንዱ የጥብቅ አባት ቤት ነው። ዓለም አደገኛ ናት። ልጅ ሲወለድ ራሱን መግዛት አያውቅም። አባት ትክክልና ስሕተቱን ይለያል፣ ሲያጠፋ ይቀጣዋል፤ ልጁም ራሱን መግዛት ይማራል። አድጎ ከወጣ በኋላ አባት ጣልቃ መግባት የለበትም። ሁለተኛው የተንከባካቢ ወላጅ ቤት ነው። ልጅ ጥሩ የሚሆነው ሲወደድ፣ ሲደመጥ፣ ሲጠበቅ ነው። ይታዘዛል፤ የሚታዘዘው ግን ስለሚወዳቸውና ስለሚያከብራቸው ነው። የተደረገለትን ለሌላው ማድረግ ይማራል።

የሌኮፍ ጥያቄ ቆንጆ ነበር። የድጎማ፣ የቅጣት፣ የግብር፣ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳዮች እርስ በርስ ምን ያገናኛቸዋል? በአንዱ ላይ ያለህን አቋም የሚያውቅ ሰው ለምን ሌላውን መገመት ይችላል? መልሱ ከጀርባቸው ያለው ቤት አንድ ስለሆነ ነው አለ። በጥብቅ አባት ቤት ለችግረኛ በነፃ መስጠት ልጅን ማቅበጥ ነው። በተንከባካቢው ቤት ደግሞ አለመስጠት ልጅን ማስራብ ነው። ሁለቱም ወገን ሌላውን ክፉ ነው የሚለው ከልቡ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ሌኮፍ የመጀመሪያውን ቤት ከወግ አጥባቂዎች፣ ሁለተኛውን ከለዘብተኞች (ሊበራሎች) ጋር ያያይዛል፤ እሱ ራሱ የለዘብተኞቹ ደጋፊ ነው፤ የሁለተኛውን ቤት አሳምሮ መሣሉ አይገርምም። ስታነቡት ይህን አስታውሱ። ሁለተኛ፣ ሰው አንድ ቤት ብቻ ይዞ አይዞርም። ሌኮፍም ይህንን ይላል። በሥራ ቦታው ጥብቅ፣ ለልጁ ተንከባካቢ የሆነ ሰው አታውቁም? ስለዚህ «ይሄ ሰውዬ የጥብቅ አባት ሰው ነው» ብላችሁ አትፈርጁ። «እዚህ ጉዳይ ላይ የትኛውን ቤት ይዞ መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ የተማሪ ክበብ ውስጥ ገንዘብ ያዥ የነበረ ልጅ የክበቡን ገንዘብ ለራሱ አውጥቶ ተገኘ። አንደኛዋ ተናጋሪ «ይባረር፣ ካልተቀጣ አይማርም» አለች። ሌላኛው «ምን ገጥሞት ነው ብለን መጀመሪያ እንጠይቀው እንጂ» አለ። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። እሷ እሱን ልል፣ እሱ እሷን ጨካኝ አድርገው ተያዩ። እኔ የጠየቅኋቸው «ይህ ልጅ ከአንድ ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ሰው እንዲሆን ነው የምትፈልጉት?» የሚል ብቻ ነው። ሁለቱም አንድ ነገር ተናገሩ፦ በገንዘብ የሚታመን ሰው። የሚለያዩት በመንገዱ ላይ ነበር። በመጨረሻ ገንዘቡን በየወሩ እየከፈለ እንዲመልስ፣ እስኪጨርስ ድረስ ገንዘብ እንዳይዝ፣ አባልነቱ ግን እንዲቀጥል ተስማሙ።

እዚህ ላይ የዳያና ባውምሪንድ ሥራ ይረዳል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወላጆችን አስተዳደግ ስታጠና ሦስት ዓይነት ለየች፤ ማዘዝ ብቻ፣ መልቀቅ ብቻ፣ እና ፍቅርንና ገደብን አብሮ መያዝ። ክርክር ላይ ሰዎች ያላቸው ምርጫ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብቻ ይመስላቸዋል። ሦስተኛው ቤት እንዳለ ማስታወስ አንዳንዴ ክፍሉን በሙሉ ያቀዘቅዘዋል።

«ቃል እኮ ቃል ነው፣ ይህን ያህል ያደርጋል ወይ?» የሚል ካጋጠማችሁ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፖል ቲቦዶና ሌራ ቦሮዲትስኪ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙትን ጥናት ጥቀሱለት። አንዲት ከተማ ውስጥ ወንጀል እንደ አውሬ ሆኗል የሚል ጽሑፍ ያነበቡ ሰዎች ከቫይረስ ጋር ያመሳሰለውን ካነበቡት ይልቅ ወደ ማሰርና መቅጣት አዘነበሉ። ለውሳኔያቸው ምክንያት ሲጠየቁ ዘይቤውን የጠቀሱት ጥቂቶች ናቸው። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው ውጤቱን ተከራክረውበታል፤ ስለዚህ እንደ ማስረጃ ጥቀሱት እንጂ እንደ ፍርድ አታቅርቡት።

የቆዩ ሰዎች የተዉልን ጥያቄዎች

ይህንን ምስል የመረመርነው የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። እኔ የምጠቀምባቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከጥንት ክርክሮች የተወሰዱ ናቸው።

የምወደው «ልጁ መቼ ነው የሚያድገው?» የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ፊልመር የንጉሥ ሥልጣን ከአዳም አባትነት የመጣ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1680 ነው። ፈላስፋው ጆን ሎክ በ1689 መለሰለት። መጀመሪያ ትእዛዙ «አባትህን» ብቻ ሳይሆን «አባትህንና እናትህን አክብር» ነው የሚለው፤ እናትየዋ የት ሄደች? አለ። ቀጥሎም የወላጅ ሥልጣን ልጁ ማመዛዘን እስኪችል ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው አለ። ዜጋ ደግሞ አዋቂ ነው። ይህን ጥያቄ ስብሰባ ላይ አንሡት። «እኛ እንደ ወላጅ እየጠበቅናችሁ ነው» ላለ ሰው «ጥበቃው የሚያበቃው መቼ ነው? በምን ምልክት እናውቀዋለን?» በሉት። መልስ ካለው እውነተኛ አሳዳጊ ሊሆን ይችላል። መልስ ከሌለው ልጅነቱ የዕድሜ ልክ ነው ማለት ነው።

ዕድሜ ልክ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1850ዎቹ ጆርጅ ፊትዝሂው የተባለ አሜሪካዊ፣ ባርነትን የተከራከረለት ባሮች እንደ ልጅ ጠባቂ ያስፈልጋቸዋል እያለ ነው። ሲገርፍ የሚውል ጌታ አባት ተባለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1919 የተጻፈው የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን 22ኛ አንቀጹ ራሳቸውን ችለው መቆም ያልቻሉ የተባሉ ሕዝቦችን በ«ሠለጠኑ» አገሮች ሞግዚትነት ሥር አስቀመጠ። ሞግዚት የሚለው ቃል ለስላሳ ነው። ከሥሩ ያለው ግን የሰው አገር ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይከብደኛል። ምክንያቱም ይህን ያደረገው ክፉ ቃል ሳይሆን እናትና አባትን የምናመሰግንበት ያው ደግ ቃል ነው።

ሌላው መንገድ ምስሉን መገልበጥ ነው። ብሪታንያ ለአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ወላጅ ናት ሲባል ለቅኝ ግዛቶቹ ነፃነት የሚከራከረው ጸሐፊ ቶማስ ፔን እ.ኤ.አ. በ1776 «እንግዲያው የባሰ ነውር ነው፤ አውሬ እንኳ የወለደውን አይበላም» ሲል መለሰ። አባት ነኝ ያለውን በአባትነት ሚዛን መዘነው። ይሄ ኃይለኛ ነው። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ስትገለብጡት ምስሉን እንደተቀበላችሁ ይቆጠራል። ጨርሶ ላለመቀበል ከፈለጋችሁ አርስቶትል የተሻለ መንገድ አለው። አገር ማስተዳደርና ቤት ማስተዳደር የሚለያዩት በሰው ብዛት ብቻ ነው የሚሉ ተሳስተዋል ሲል ጀምሯል፤ ልዩነቱ የዓይነት ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1793፣ ዜጎችን እንደ ልጅ የሚይዝ አባታዊ መንግሥት ሊታሰብ ከሚችለው አምባገነንነት ሁሉ የከፋ ነው ብሏል፤ ደስታቸው ምን መሆን እንዳለበት ሳይቀር እሱ ስለሚወስንላቸው።

ያለ ቤተሰብ ቃል ድገሙት

አሁን አንዱን ዐረፍተ ነገር ውሰዱና ሁሉንም የቤተሰብ ቃል አውጡለት። በቦታው እውነተኛውን ሰው፣ እውነተኛውን ገንዘብ፣ እውነተኛውን ተግባር አስገቡ። ከዚያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት።

አንድ ማኅበር ውስጥ አባላቱ ሒሳብ እንዲታይ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ «አባት ለልጆቹ ደረሰኝ አያቀርብም» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ የሚል አባባል ነው። እኔ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «ሥራ አመራሩ ከአባላት የሰበሰበውን ገንዘብ ለአባላት ሳያሳይ ሊያወጣ ይችላል።» ይህንን ይደግፋል የሚል ሰው እጁን እንዲያወጣ ጠየቅሁ። ማንም አላወጣም። ሊቀመንበሩም አላወጡም።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይፈርስም። «እናት አገር ተቸግራለች፣ ልጆቿ ይድረሱላት» የሚለውን «ጎርፍ ቤታቸውን የወሰደባቸው ሰዎች አሉ፣ እኛ ቤት አለን፣ ገንዘብ እናዋጣላቸው» ብላችሁ ብትጽፉት ምንም አይጎድልም። እንዲያውም ይበረታል። ፈተናው ይሄ ነው። ቃሉ ሲወጣ ግዴታው አብሮ ከጠፋ፣ የተሸከመው ቃሉ ብቻ ነበር። ግዴታው ከቀረ እውነት ነው፤ ያዙት።

ሁሉንም አትጣሉ

ይህን አሠራር የለመደ ሰው የቤተሰብ ቃል በሰማ ቁጥር ማፍረስ ሊወድ ይችላል። እኔ እዚያ አልደርስም። ብዙዎቻችን ስለ ሌላ ሰው ማሰብን የተማርነው ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ ተነሥተን ካልሆነ ከየት እንነሣለን?

በቻይና ይህ ክርክር ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ነበር። ፈላስፋው ሞዚ ሰውን ሁሉ እኩል ውደዱ አለ። የኮንፊሽየስን ትምህርት የተከተለው መንሽየስ ይህን «አባትን መካድ ነው» ብሎ ነቀፈ፤ ፍቅር ከቤት ጀምሮ ወደ ውጭ መስፋት አለበት ባይ ነው። ከእሱም በፊት ኮንፊሽየስ፣ አባቱ በግ ሰርቆ የመሰከረበትን ልጅ «ቅን» ሲሉለት፣ በእኛ ዘንድ ቅንነት አባት ለልጁ፣ ልጅም ለአባቱ ሲሸፍን ነው ብሎ መለሰ። በግሪክ ደግሞ፣ በፕላቶን ጽሑፍ ውስጥ፣ ዩቲፍሮ የተባለ ሰው የገዛ አባቱን በግድያ ሲከስ ሶቅራጥስ ደንግጦ «ትክክሉን ይህን ያህል እርግጠኛ ሆነህ ታውቀዋለህ?» ሲል ይጠይቀዋል። እኔ መንሽየስ ስለ መነሻው ትክክል ነው እላለሁ። ሥልጣን ላይ ላለ ሰው ግን የኮንፊሽየስን መልስ አልሰጥም። የራሱን ልጅ የሚሸፍን አባት ይገባኛል። «ልጆቼ» የሚላቸውን ባለሥልጣናት የሚሸፍን መሪ አይገባኝም።

«ወንድማማችነት» የሚለውም እንዲሁ ነው። የፈረንሳይ አብዮት ያነገበው ቆንጆ ቃል ነው፤ አባትን አውርዶ እኩያዎችን አስቀመጠ። እኅቶቹ ግን ቀሩ። ፈረንሳዊቷ ጸሐፊ ኦሎምፕ ደ ጉዥ እ.ኤ.አ. በ1791 የሴቶችን መብት መግለጫ ጻፈች፤ በ1793 በጊሎቲን ተገደለች። ቃሉን አልጥለውም። ማን እንደቀረ መጠየቄንም አልተውም።

አንድ ነገር ደግሞ ከልብ ያዙልኝ። ስብሰባ ላይ ካሉት ሰዎች መካከል ቤቱ የፍርሃት ቦታ የነበረ ሰው አይጠፋም። «እኛ ቤተሰብ ነን» ሲባል ሌላው ሙቀት ሲሰማው እሱ ወይም እሷ ወደ በሩ ያያሉ። ዝም ያለውን ሰው ስለ ልጅነቱ አትጠይቁት። ጉዳዩን ያለ ቤተሰብ ቃል ደግማችሁ ብቻ አቅርቡለት፤ ብዙ ጊዜ ያኔ ይናገራል።

ሰውን ሳታሳፍሩ እንዴት እንደምትናገሩትም ልምድ ይጠይቃል። «ዘይቤ ተጠቀምክ» ማለት አይሠራም፤ ሰውየው እንደተሰደበ ነው የሚቆጥረው። «አባት ያሉትን ልረዳው ፈልጌ ነው፤ በዚህ ጉዳይ አባትነት ምን ማድረግን ያካትታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝርዝር ሲጀምር ሥራው በራሱ ይሄዳል። በዕድሜ የሚበልጣችሁ ሰው «እኔ አባትህ እሆን ነበር፣ ትከራከረኛለህ?» ካለ ድምፃችሁን አታንሡ፣ አንገታችሁንም አትድፉ። እንዲህ በሉ፦ «እንደ አባት አከብርዎታለሁ። የጠየቅሁት ግን ስለ ደረሰኙ ነው።»